«እኔ ላይ አይሠራም»

ማስታወቂያ ብዙም አያናድደኝም። ሰሞኑን ደም ስሬን የሚገትረው «እኔ ላይ ማስታወቂያ አይሠራም» የሚል ሰው ነው። ይህን የሚለው ማንም ሳይጠይቀው ነው። ዐይኑንም ከስክሪኑ አይነቅልም።

አጎቴ ከእነዚህ አንዱ ነው። እሑድ ዕለት ቤቱ ቡና እየጠጣን ነበር። ድራማው ውስጥ ልጅቷ የእንጀራ አባቷን ጉድ ልታወጣ አፏን ስትከፍት ተቆረጠና ሽንኩርት መክተፊያ መጣ። «አሁን ይሄን የሚገዛ ጅል አለ?» አለ አጎቴ። «እኔ ላይ እንደሆነ አይሠራም!» ከጀርባው ቡፌው ላይ ጁስ መፍጫ ተቀምጧል፤ ዳንቴል ለብሷል። ስቲከሩ አልተነሳም። ገመዱ ከፋብሪካ እንደታሰረ ነው። ከጎኑ ቦርጭ ያጠፋል የተባለ የሚንቀጠቀጥ ቀበቶ ከነካርቶኑ አለ። ቦርጩም አለ።

«ይሄስ ጋሼ?» አልኩት።

«እሱ እንኳ ስጦታ ነው።»

ማን እንደሰጠው ጠየቅኩ። መልስ የለም። ባለቤቱ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ስለ ሽንኩርት መክተፊያው ግን ሳልናገር አላልፍም። ማስታወቂያው ላይ ያለችው ሴትዮ ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። ወጥ ቤቷ የእኔን ሳሎን ያክላል። ሽንኩርቱ ቡጢ የሚያህል ነው፤ ተልጦ፣ ታጥቦ፣ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ይጠብቃታል። ጎድጓዳው ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ገመዱን ሳብ ሳብ ታደርጋለች፣ አለቀ። አንዲት ጠብታ እንባ የለም። ባሏ ከኋላ መጥቶ ይደነቃል። ባል ወጥ ቤት ገብቶ በሽንኩርት ሲደነቅ! ከማስታወቂያው ሁሉ ለማመን የሚከብደው ይሄ ነው።

ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የእኛ ቀይ ሽንኩርት ትንሽ ናት፤ ለአንድ ዶሮ በኪሎ በኪሎ ትላጣለች። ልጣጩ ጥፍር ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቁሌቱ አለ፤ ቆሞ ማማሰል ነው። መክተፊያው ከዚህ ሁሉ መከራ ሃያ ደቂቃ ይቀንስልሃል። ከዚያ ስለቱ ሥር የተወተፈውን ሽንኩርት በጥርስ መጎርጎሪያ ስታወጣ ሃያ ደቂቃውን ይቀበልሃል።

ደግሞ ጩኸቱ! ድራማው ላይ ሰዎቹ ያንሾካሽካሉ፣ ድምፅ ትጨምራለህ። ማስታወቂያው ሲመጣ የተኛ ሕፃን ይነሳል። አሜሪካኖች ይሄ ነገር አንገሽግሿቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ አወጡለት፤ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮህ። ምክር ቤት ቁጭ ብሎ ስለ ድምፅ መጨመሪያ ሲከራከር ይታያችሁ። እኔ ብሆን ሁለት እጄን አወጣ ነበር።

እኛ ጋ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮልን ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ አስወጣ። ጥሩ ነው። ግን ቢራው የለቀቀውን ቦታ አፓርታማና ጁስ መፍጫ የተከፋፈሉት ይመስለኛል። ቢራው ቢያንስ ጭፈራ ነበረው።

የዚህ ሁሉ መነሻ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1941 ኒውዮርክ ውስጥ ከቤዝቦል ጨዋታ በፊት የቡሎቫ ሰዓት ማስታወቂያ ታየ። የከፈሉት 9 ዶላር ነው ይባላል። ወጥ ቤት ውስጥ ያስገባን ግን ሮን ፖፒል የሚባል ሰውዬ ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ ቺካጎ፣ ማክስዌል ስትሪት ገበያ ላይ የአባቱን መክተፊያና መላጫ እየጮኸ ይሸጥ ነበር። በኋላ ያንኑ ጩኸት ወደ ቴሌቪዥን ይዞት ገባ። «ቆይ፣ ገና ነው፣ ሌላም አለ!» የምትለዋን ጥሪ ዝነኛ ያደረጋት እሱ ነው። ዛሬ የእኛው አስተዋዋቂ «አሁኑኑ ለሚደውሉ ደግሞ...» ሲል የማክስዌል ስትሪት ልጅ ነው የሚጮኸው።

መርካቶ ብትሄድ ግን ይህንኑ ሥራ በሥርዓቱ የሚሠሩ ልጆች አሉ። መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግተው ካሮት ይከትፋሉ። «እስቲ በዚችኛዋ ድንች ሞክረው» ብትለው ይሞክረዋል። ካልከተፈ ሕዝብ ይስቅበታል። እዚያ የሚሸጠው ልጅ ፊትህ ነው ያለው። ሲዋሽ ላቡን ታያለህ።

እዚህ ላይ የምወዳት ተረት አለች። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።» ሰው ይህችን ተረት ግትር ሰው ለመስደብ ይጠቀምባታል። በጣም ያሳዝነኛል። ልጅቷ ምን አጠፋች? ሽማግሌ መጥቷል፣ ጥሎሽ ተቆጥሯል፣ ድንኳን ተጥሏል፣ ጠጁ ተቀድቷል። እሷ ግን ጀርባ ላይ ካልወጣች አታምንም። ስንቷ ሴት በሽማግሌ ቃል ብቻ አምና ቤቷ ቀርታለች! ለእኔ ይህች ሙሽራ የሸማቾች ማኅበር ሊቀመንበር መሆን የሚገባት ሰው ናት። የዛሬን አያድርገውና ሙሽራ የሚያዝላት ሊሞዚን ሆኗል። ከፊት ፊት ደግሞ የካሜራ ባለሙያ ወደ ኋላ እየተራመደ «እንደገና ግቡ» ይላል። በእንዲህ ዓይነት ሰርግ ማን ምን አምኖ እንደሚያገባ ፈጣሪ ይወቅ።

ቴሌቪዥን የሚያዝልህ ከከፈልክ በኋላ ነው። ከከፈልክ በኋላ ደግሞ ደረሰኙን ገልብጠህ ታነባለህ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዕለተ ሞቴ ይቅር አልላትም። ከዓመታት በፊት ካውያ ገዛሁ። ስሙን የማልጠራው ሱቅ ነው። አንድ ሸሚዝ ተኮሰልኝ። ሁለተኛው ሸሚዝ እጅጌ ላይ ሲደርስ ጭስ አወጣና ሞተ። በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ካውያውን አገላብጦ እንኳ አላየውም። «ቮልቴጅ ነው» አለኝ። ከየት አወቀ? «ሠፈራችሁ መብራት ይቆራረጣል አይደል?» አለኝ። የማይቆራረጥበትን ሠፈር ንገረኝና ልከራይ! የዋስትና ወረቀቱን አወጣሁ። «ዋስትናው የፋብሪካ ችግር ሲሆን ነው፣ ይሄ የመብራት ነው» አለ። ከጀርባው የንግድ ፈቃዱ በፍሬም ተሰቅሏል፤ ከሥሩ በትልቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ሁለቱ ጎን ለጎን!

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ይህን ለልጁ ነገርኩት። «እሺ አዋጁን አምጣና እንለውጥልሃለን» አለኝ። ከጎኔ የቆመ ደንበኛ ሳቀ። አሁንም ድረስ ያ ሳቅ ነው የሚያመኝ። ሰውዬው እኮ እዚያው ቆሞ ካውያ እየገዛ ነበር!

ወዴት ወዴት ሄድኩ። ማስታወቂያ ይሠራል ወይ ነበር ጥያቄው።

ሦስት የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት 288 የታወቁ የሸቀጥ ምርቶችን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ መርምረዋል። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተጨማሪ ማስታወቂያ ቢያስነግሩ ወጪያቸውን እንኳ አይመልስላቸውም። ይህን ለአጎቴ አልነገርኩትም፤ ሙሉ ክረምት በዚህ ሲኮፈስ ይታየኛል። የተጠናው ግን የሱፐርማርኬት ሸቀጥ ነው። የአጎቴ ቡፌ ላይ ያለውን አላዩም።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ማስታወቂያው «እመነኝ» አይልህም። ዕቃውን አንተ ብቻ ሳትሆን ጎረቤትህም ማየቱን ነው የሚያስታውስህ። ጁስ መፍጫው ማንጎ ፈጭቶ አያውቅም፤ የሚፈጨው እንግዳ ነው። ዳንቴል የለበሰውም ለዚሁ ነው። ለዚህ ደግሞ መብራት አያስፈልገውም።

ሳሪስ ያለችው አክስቴ ማስታወቂያ አያታልላትም። በወጣትነቷ የሰርግ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ስለ ሽንኩርት ማንም ምንም አይነግራትም። ያንን መክተፊያ ባየች ቁጥር ትሰድበዋለች። በመጨረሻ ልታጋልጣቸው ስክሪኑ ላይ ባለው ቁጥር ደወለች። ድምፁን ለሁላችንም ከፍ አድርጋዋለች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገራችሁ ሽንኩርቱን ይልጣል?»

«እናቴ፣ በጣም ፈጣን ነው።»

«ይልጣል ወይ ነው ያልኩህ?»

«ዛሬ ለሚያዙ ካሮት መፋቂያ በነፃ እንጨምራለን እናቴ። የት ሠፈር ላድርስልዎት?»

ትንሽ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን።

«ሳሪስ» አለችው።