ከማሽኑ በፊት መሮው ይሳል

ስለ አናጢነት ያነበብኩት ጽሑፍ ሙያውን በትርፍ ጊዜው ለሚሞክር ሰው በቅድሚያ የኤሌክትሪክ መላጊያ እንዲገዛ መምከሩ አላሳመነኝም። መሮንና የእጅ መላጊያን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን ማዕዘን በመሳያ ድንጋይ ስሎ መያዝ ይቀድማል፤ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ድንገት አምልጦ እጅ የሚቆርጠው የዶለዶመው መሮ ነውና።

ከጽሑፉ ጋር በፎቶግራፍ የቀረበው የዋንዛ ጠረጴዛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጅግ ያምራል። ሆኖም የላይኛው ጣውላ ዙሪያውን በኮላና በምስማር ከእግሮቹ ማያያዣ ጋር መጣበቁ ያሠጋል፤ እንጨት ደረቀ ቢባልም በክረምት እርጥበት ስቦ ወደ ጎን ይሰፋል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ መፈናፈኛ ካጣ ደግሞ ይሰነጠቃል። የማያያዣውን ቀዳዳዎች ሞላላ አድርጎ ያለ ኮላ በብሎን ማሰር ይሻላል። በባሕር ዛፍ ለሚሠሩማ ችግሩ የባሰ ስለሆነ፣ የጣውላውን ጫፎች ቀለም ቀብተው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ቢያደርጉ መልካም ነው።