ማንዴላ የተፈቱት ከሮበን ደሴት አይደለም

«ማንዴላ 27ቱን ዓመት ሙሉ ሮበን ደሴት ታስረው ከዚያው ተፈቱ» የሚል ነገር ሲደጋገም አየሁና ትንሽ ላርም። የእስሩ ዘመን ልክ ነው። ደሴቱ ላይ ግን የቆዩት 18 ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ኬፕታውን ወዳለው ፖልስሙር እስር ቤት፣ በ1988 መጨረሻ ደግሞ ፓርል አቅራቢያ ወዳለው ቪክተር ቨርስተር ተዛወሩ። እዚያ የዋና ገንዳ ያለው ቤት ነበር የተሰጣቸው፤ እስር ቤት ለማለት እንኳ ይከብዳል።

ማረጋገጥ የፈለገ የፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990ን ቪዲዮ ከፍቶ ይይ። ከባለቤታቸው ከዊኒ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው በእግራቸው በሩን ሲያልፉ ይታያል። ጀልባ የሚባል ነገር የለም።

ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ግን ሁሉንም ደሴቱ ላይ ስናደርገው ከአፓርታይድ መንግሥት ጋር ያደረጉት ድርድር ይዋጣል። ማንዴላ ከፍትሕ ሚኒስትሩ ከኮቢ ኩትሲ ጋር መነጋገር የጀመሩት ገና የፖልስሙር እስረኛ ሳሉ ነው።