ስለ ኪርስቲ ኮቨንትሪ ትንሽ ማስተካከያ
የቀድሞዋ የዚምባብዌ ዋናተኛ ኪርስቲ ኮቨንትሪ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴን የመራች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ናት እየተባለ ሼር የሚደረገው ልክ አይደለም፣ ከሷ በፊት ፕሬዝዳንት የነበረው ቶማስ ባህ ራሱ እ.ኤ.አ በ1976 ሞንትሪያል ላይ በፌንሲንግ (በሰይፍ ፍልሚያ ስፖርት) የቡድን ወርቅ ወስዷል። የሷ አዲስ ነገር የመጀመሪያዋ ሴትም የመጀመሪያዋ አፍሪካዊትም ፕሬዝዳንት መሆኗ ነው። የኦሎምፒክ ወርቆቿም ሁለቱም የቤጂንግ ናቸው የሚባለው ልክ አይደለም፣ አንዱ የአቴንስ 2004 ሌላው የቤጂንግ ነው፣ ሁለቱም በ200 ሜትር የጀርባ ዋና። ደሞ ከገንዳ ወጥታ በቀጥታ ወንበሩ ላይ የተቀመጠች አስመስለው የሚያወሩት ነገር አይገባኝም፣ ከ2013 ጀምሮ የኮሚቴው አባል ናት፣ የአትሌቶች ኮሚሽንን መርታለች፣ ከ2018 ጀምሮ የዚምባብዌ ስፖርት ሚኒስትር ነበረች (ይሄኛው ብዙ ቢያስተቻትም)፣ ማርች 2025 ላይም ማንም አልሾማትም፣ ከ97 ድምፅ 49 አግኝታ በመጀመሪያው ዙር ነው ያሸነፈችው።