የአዛዡ ቤት

በዋሽንግተን ደቡብ ምሥራቅ፣ ስምንተኛው ጎዳና አጠገብ፣ የአሜሪካ ማሪን (የባሕር እግረኛ) ጦር ዋና አዛዦች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እየተፈራረቁ የኖሩበት ቤት አለ። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር አርኪባልድ ሄንደርሰንን አስባለሁ።

ሄንደርሰን ቨርጂኒያ ተወልዶ በ1806 (እ.ኤ.አ.) የማሪን መኮንን ሆነ። በ1820 ከእርሱ በፊት የነበረው አዛዥ አንቶኒ ጌል በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ሲባረር ሹመቱን ተረከበ፤ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1859፣ አልለቀቀም። ደፋር ሰው ነበር። በ1857 ዋሽንግተን ውስጥ በምርጫ ቀን ከባልቲሞር የመጡ ነውጠኞች መድፍ ሲደግኑ፣ የ74 ዓመቱ ሽማግሌ በሲቪል ልብሱ ሄዶ በመድፉ አፍ ፊት ቆመ። ሙገሳው ግን ሊሸፍነው የማይገባ ነገር አለ፦ በ1836 ከጦሩ ግማሽ የሚበልጠውን አስከትሎ የዘመተው ክሪኮችንና ሴሚኖሎችን፣ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች፣ ከምድራቸው ለማፈናቀል ነው። የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረጉንም ያገኘው በዚሁ ዘመቻ ነው።

ማሪኖች ስለ እርሱ የሚያወሩት አንድ አፈ ታሪክ አለ። በዚያ ቤት ብዙ ከመኖሩ የተነሣ የመንግሥት መሆኑን ረስቶ ለልጆቹ ሊያወርሰው ተናዘዘ ይባላል። ተናዘዘም አልተናዘዘም፣ ሲሞት ቤቱን የተረከበው ተተኪው አዛዥ ነው። ጦሩም በ1798 ኮንግረሱ ባወጣው ሕግ የቆመ ስለሆነ አዛዡን ተከትሎ አልፈረሰም።

የእኛው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ሚኒስትር ነበሩ፤ ብልህነታቸው እስከ ዛሬ ይወሳል። በ1919 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን የአገሩ ጥያቄ ያ ሁሉ ሠራዊታቸውና ርስታቸው በማን እጅ ይገባል የሚል ነበር፤ ራስ ተፈሪም ፈጥነው ጠቀለሉት። ሠራዊቱ የሚያውቀው ጌታውን እንጂ መሥሪያ ቤቱን አልነበረም። ጥፋቱን በፊታውራሪው ላይ አላደርግም፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነበር።

የሚያሳዝነኝ ሥርዓቱ አልፎ ልማዱ አብሮን ውቅያኖስ መሻገሩ ነው። እዚሁ በማውቀው አንድ ማኅበር ሊቀ መንበሩ ሲቀየር ማኅተሙም፣ የአባላቱ መዝገብም፣ የባንኩ ወረቀትም አብረውት ሄዱ። አዲሶቹ ተመራጮች የአባላቱን ስልክ ቁጥር በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እየጠየቁ እንደ አዲስ መመዝገብ ግድ ሆነባቸው። ቀድሞ የተከፈለው መዋጮ ስንት እንደ ነበር ዛሬም የሚያውቅ የለም፤ ሰውየውን የጠየቀውም የለም፣ ታላቅ ሰው ስለሆነ።