ማስተካከያ፦ የመጀመሪያው 15 ሳንቲሜትር አይደመርም

ስለ አፈር የመስክ ምርመራ ባለፈው የጻፍኩት ላይ ከባድ ስህተት አለ። በኤስፒቲ ምርመራ (ቱቦ በመዶሻ ወደ አፈር እየተመታ ጥንካሬው የሚለካበት ነው) የኤን ቁጥር፣ ማለትም የአፈሩን ጥንካሬ የሚያሳየው የምት ብዛት፣ የሦስቱም የ15 ሳንቲሜትር እርከኖች ምት ድምር ነው ብዬ ነበር። አይደለም።

63.5 ኪሎ የሚመዝነው መዶሻ ከ76 ሳንቲሜትር ከፍታ እየወደቀ የናሙና መውሰጃውን ቱቦ 45 ሳንቲሜትር ያስገባዋል። ምቱ በየ15 ሳንቲሜትሩ ይመዘገባል። የመጀመሪያው 15 ግን ለቱቦው መደላደያ ብቻ ነው። የጉድጓዱ ወለል በቁፋሮው ተረብሿልና። መዝገቡ ላይ 4፣ 7፣ 9 ካለ ኤን 16 ነው። በእኔ አጻጻፍ 20 ይሆን ነበር። ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ አፈሩን ከሆነው በላይ ጠንካራ ያስመስለዋል፣ መሠረቱም ከሚገባው በታች ሊነደፍ ይችላል። በዚያ መንገድ ያሰላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ የመስክ መዝገቡን አውጡና እንደገና ደምሩ። ይቅርታም እጠይቃለሁ።

ኤስፒቲ ለሁሉም አፈር ይበቃል ማለቴም ልክ አልነበረም። ለአሸዋ ጥሩ ነው። በጣም ለስላሳ ሸክላ ላይ ግን ቱቦው በአንድ ሁለት ምት፣ አንዳንዴም በራሱ ክብደት ይሰምጣል። እዚያ የቬን ሺር (ባለክንፍ ዘንግ አፈሩ ውስጥ የሚዞርበት) ወይም የሲፒቲ (ጫፈ ሾጣጣ ዘንግ በግፊት የሚገባበት) ምርመራ ይሻላል። ጠጠር የበዛበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ አንዲት ጠጠር የቱቦውን አፍ ከደፈነች ቁጥሩ ያላግባብ ይሰቀላል።