12 ቁልፍ ለአንድ አውራ ጣት

ታናሽ ወንድሜ ማውሴን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ አገላብጦ አየውና «በዚህ ደግሞ ስልክ ይደወላል?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። አውራ ጣት በሚያርፍበት በግራ ጎኑ 12 ትንንሽ ቁልፎች ሦስት በአራት ሆነው ተደርድረዋል፤ ቁጥርም ተጽፎባቸዋል። የድሮውን ባለቁልፍ ሞባይል የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? ለምን እንደሚያገለግል ስነግረው ግን ሳቁ ወደ ተግሣጽ ተለወጠ። «ለጨዋታ ይህ ሁሉ? አውሮፕላን የምታበር መሰለህ እንዴ?»

ይህን ከእርሱ ብቻ አይደለም የሰማሁት። በጨዋታው ውስጥ የማገኛቸው አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ፤ ባለብዙ ቁልፍ ማውስን እንደ ማጭበርበሪያ፣ ችሎታን በገንዘብ እንደ መሸመት ያዩታል። ሻጮቹ በበኩላቸው ቁልፍ በበዛ ቁጥር ተጫዋቹ የሚበረታ አስመስለው ያቀርቡታል። ሦስቱም ወገኖች የዕቃውን ጥቅም የሚፈልጉት በቀኝ እጅ ላይ ነው። ጥቅሙ ያለው ግን በግራ እጅ ላይ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ሰዎች ገጸ ባሕርይ ተላብሰው በኢንተርኔት አብረው ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ስመ ጥሩው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2004 ወጣ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከስክሪኑ ግርጌ 12 ክፍል ያለው መደርደሪያ አለ፤ በየክፍሉ አንድ ችሎታ ይቀመጣል፤ እሳት መወርወር፣ ቁስል ማዳን፣ ጋሻ ማንሳት። እነዚህን ክፍሎች የሚያዝዙት በኪቦርዱ አናት ላይ በአንድ መስመር የተሰለፉት ቁልፎች ናቸው፤ ከ1 እስከ 9፣ ቀጥሎ ዜሮ፣ የመቀነስና የእኩል ይሆናል ምልክቶች። ግራ እጅ ግን ሌላ ሥራ አላት። ጣቶቿ ገጸ ባሕርይውን በሚያስኬዱት ቁልፎች ላይ ናቸው። 1ን፣ 2ን፣ 3ን እየሄዱ መጫን ቀላል ነው። 5 እና 6 መንጠራራት ይጠይቃሉ። 9ን ለመጫን እጅ ከቦታዋ መነሳት አለባት፤ በተነሳችበት ቅጽበትም ገጸ ባሕርይው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ደግሞ የቆመ ሰው ይሞታል። ትልልቆቹ ጭራቆች መሬቱን ከእግር ስር ያነድዱታል፤ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ከዚያ ያልወጣ ለጓደኞቹ ሸክም ነው። እንግዲህ ተጫዋቹ ወይ ይሄዳል ወይ ይሠራል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይችልም። ሌላው አማራጭ የችሎታውን ሥዕል ስክሪኑ ላይ በማውስ መጫን ነው። ያን ጊዜ ዓይን ከሜዳው ተነስቶ ወደ ግርጌ ይወርዳል፤ ጠቋሚውም አብሮት ይወርዳል። በዚህ መንገድ የሚጫወቱ ሰዎች የፌዝ ስም ወጥቶላቸዋል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ከእነርሱ አንዱ ስለነበርኩ ስሙን አልደግመውም።

ሬዘር የተባለው ኩባንያ ናጋ የሚለውን ማውስ በ2009 ሲያወጣ ያደረገው ነገር ተራ ሒሳብ ነበር። መደርደሪያው 12 ክፍል ካለው የማውሱ ጎን 12 ቁልፍ ይኑረው። ከእርሱ ከአንድ ዓመት በፊት ስቲልሲሪስ ለዚሁ ጨዋታ 15 ቁልፍ ያለው ማውስ ሠርቶ ነበር፤ ሆኖም ቁልፎቹ በአካሉ ላይ ተበታትነው የተቀመጡ ስለነበሩ እንደ ናጋ ልብ ውስጥ አልገቡም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር በአውራ ጣት ስር ካለው ቁጥር ጋር አንድ ሲሆን ሰው የሚማረው አዲስ ነገር የለም።

እኔ በጨዋታው ውስጥ ፈዋሽ ነኝ። 20 ሰው በሚዘምትበት ውጊያ የሁሉም ስምና የጤና መጠን በትንንሽ ሣጥኖች ተደርድሮ ይታየኛል። ድሮ መጀመሪያ በሽተኛውን እመርጣለሁ፣ ከዚያ መድኃኒቱን እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ወደ መንገዴ እመለሳለሁ፤ ስመለስ እሳት ላይ ቆሜያለሁ። አሁን ጠቋሚውን በስሙ ላይ አሳርፌ በአውራ ጣቴ 4ን እጫናለሁ፤ አለቀ። «ለማን» እና «ምን» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በአንድ መዳፍ ውስጥ ይመለሳሉ፤ ግራ እጄ ስለ መንገድ ብቻ ታስባለች፤ ዓይኔም ከመሬቱ ላይ አይነሳም። ፍጥነቴ ብዙም አልጨመረም። ለነገሩ ፍጥነት እዚህ ያን ያህል ዋጋ የለውም፤ በዚህ ጨዋታ አብዛኛው ችሎታ ከተጫነ በኋላ ቀጣዩን ለመጠቀም አንድ ሴኮንድ ተኩል ገደማ መጠበቅ ግድ ነው። የጨመረው እርጋታዬ ነው።

ይህ በአንድ ቀን አልመጣም። የመጀመሪያው ሳምንት አሳፋሪ ነበር። ሊሞት ላለ ጓደኛዬ መድኃኒት ልሰጥ ብዬ ለራሴ ጋሻ አነሳሁ፤ እርሱ ሞተ፣ እኔ ያለ አንዲት ጭረት ቆሜ ቀረሁ። ግን ለእኛ ትውልድ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ባለቁልፉን ሞባይል ጠረጴዛ ስር ይዘን፣ ዓይናችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተተክሎ፣ በአውራ ጣት ብቻ ስንት መልእክት ልከናል! መምህሩ ምንም አያውቅም ነበር፤ ወይም የማያውቅ መስሎን ነበር። በዚያን ጊዜ መንገዱን ያሳየን 5 ቁጥር ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ ናት። እኔም ይህን አስታውሼ በማውሴ 5ኛ ቁልፍ ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አደረቅሁ። ከዚያ ወዲህ አውራ ጣቴ ቤቱን አገኘ። አዲስ ለሚጀምር ሰው የምመክረው በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቁልፍ ብቻ እንዲጠቀም ነው። 12ቱንም በአንድ ቀን የሞላ ሰው በሁለተኛው ቀን ማውሱን ለሽያጭ ያቀርባል።

ዕቃውን ወደድኩት ማለት ግን ነውሩን እሸፍናለሁ ማለት አይደለም። ክራር ደርዳሪ እጁን ሳያይ የሚጫወተው ጣቶቹ ሥራ ስለተከፋፈሉ ነው፤ እያንዳንዱ ጣት አውታሩን ያውቃል። የማውሱ ሠሪዎች ግን 12 አውታር ለአንድ ጣት አሸክመው የቀለበት ጣትንና ትንሿን ጣት በወግ አስቀምጠዋቸዋል። ያችው አውራ ጣት ደግሞ ማውሱን ደግፋ የምትይዘው ናት። ከጠረጴዛው ላነሳው ስል ያልፈለግሁትን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ጠበቅ አድርጌ ስጫን ማውሱ ወደ ቀኝ ይንሸራተትና ጠቋሚው ከዒላማው ይወጣል። ክብደቱም ቀላል አይደለም። የዚህ ዓይነት ማውሶች በአብዛኛው ከ100 ግራም በላይ ናቸው፤ የተኩስ ጨዋታ የሚጫወቱት ደግሞ 60 ግራም አካባቢ የሆነ ይዘው እንደ ላባ ያንሳፍፉታል። በረጅም ምሽት መጨረሻ ከአውራ ጣቴ ስር ያለው ጅማት ያመኛል። ያን ጊዜ ማውሱን ትቼ እነሳለሁ፤ ሕመምን ችሎ መጫወት ጀግንነት የሚመስለው ካለ እጁን ገና አልታመመም።

ይህን ጉድለት በትክክል ያየው ሎጂቴክ በ2012 ያወጣው ጂ600 ይመስለኛል። እርሱም 12 የጎን ቁልፎች አሉት፤ ነገር ግን ከላይ፣ ከግራና ቀኝ ቁልፎች አጠገብ፣ ለቀለበት ጣት ሦስተኛ ትልቅ ቁልፍ ሰጣት። ያችን ይዞ የጎኑን ሲጫኑ 12ቱ 24 ይሆናሉ። ያለ ሥራ የተቀመጠችው ጣት ሥራ አገኘች ማለት ነው። ኮርሴር በ2015 ባወጣው ሲሚታር ላይ ደግሞ የቁልፎቹ ሰሌዳ ወደፊትና ወደኋላ እንዲንሸራተት ተደረገ፤ የሰው አውራ ጣት እኩል አለመሆኑን ለማስታወስ ስድስት ዓመት ፈጅቷል። ግራኞች ግን አሁንም የእንጀራ ልጆች ናቸው። ሬዘር ናጋን ለግራ እጅ መሥራቱ ይመሰገናል፤ ሌሎቹ ጉዳዩ አይመለከታቸውም።

የቁልፍ ብዛት ክርክር ከማውሱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ዳግላስ ኤንግልባርትና ባልደረቦቹ በ1964 የሠሩት የመጀመሪያው ማውስ ከእንጨት ነበር፤ ቁልፉም አንድ። ታኅሣሥ ወር 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ ሲያሳየው ቁልፎቹ ሦስት ደርሰው ነበር፤ በግራ እጁ ስር ደግሞ እንደ ፒያኖ ጣቶችን በማጣመር የሚጫኑት ባለ አምስት ቁልፍ መሣሪያ ነበረው። አፕል በ1983 ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር ሲያወጣ ወደ አንድ ቁልፍ መለሰው፤ ማንም ሰው እንዳይሳሳት። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነካ ሰው አፕል ትክክል ነበር። በየቀኑ አራት ሰዓት ለሚይዘው ሰው ግን ኤንግልባርት ትክክል ነበር፤ አንድ ጊዜ ተቸግሮ የተማረ ለዓመታት ይጠቀማል። የወንድሜና የእኔ ጸብም ከዚህ አይወጣም። እርሱ ማውስን የሚነካው ፊልም ለመክፈት ነው።

ለሁሉም ጨዋታ ያስፈልጋል የሚል ካለ ግን አትመኑት። ጊልድ ዋርስ 2 በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 10 ችሎታ ነው፤ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን ደግሞ አምስትና አንድ ትልቅ፣ መሣሪያ ሲለወጥ ሌላ ስድስት። ለእነዚህ ጎኑ ላይ ሁለት ሦስት ቁልፍ ያለው ርካሽ ማውስ ይበቃል። ፋይናል ፋንታሲ 14 ደግሞ በ2013 ታድሶ ሲወጣ ለፕሌይስቴሽንም ስለተሠራ፣ በጆይስቲክ ሁለት የጀርባ ቁልፎችን ከስምንት የፊት ቁልፎች ጋር በማጣመር 16 ችሎታ በእጅ እንዲገባ አድርጓል። ማውስ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ከባዱን ዘመቻ በዚያ ይጨርሱታል። እንዲያውም ይህን ሳይ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የማውስ አለመሆኑ ይታየኛል። መደርደሪያ ላይ መደርደሪያ እየደረበ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያስፈልግ ችሎታ ሳይቀር የሚያስቀምጥ የጨዋታ ሠሪ፣ እርሱ ያላሰበበትን ችግር የተጫዋቹ ኪስ እንዲፈታለት ያደርጋል።

ወደ ማጭበርበሩ ክስ ልመለስ። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ቁልፍ ቁልፍ ነው፤ 7ን ከኪቦርድ መጫንና ከማውስ ጎን መጫን ለጨዋታው አንድ ነው። ከማውሱ ጋር የሚመጣው ፕሮግራም ግን ማክሮ ይፈቅዳል፤ አንድ ጊዜ ተጭነህ አምስት ችሎታ በተራ፣ በመካከላቸው ጊዜ እየቆጠረ እንዲወጣልህ። ያ መጫወት አይደለም፤ ጨዋታውን ለማሽን መተው ነው። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የቆየው ሕግ አንድ ንክኪ፣ አንድ ተግባር የሚል ነው። በ2020 መጨረሻ ደግሞ የአንድን ሰው ንክኪ ለብዙ ገጸ ባሕርያት የሚያባዙ ፕሮግራሞች ተከልክለዋል። ቫልቭም በኦገስት 2024 ካውንተር ስትራይክ 2 በተባለው የተኩስ ጨዋታው ላይ የተጫዋቹን እንቅስቃሴ በራሳቸው የሚያስተካክሉ የኪቦርድ ዘዴዎችን ከልክሏል። ክልከላዎቹ የወደቁት ሥራውን ከሰው ጣት በሚነጥቀው ላይ ነው። ስለዚህ የሚከሱኝ ሰዎች ማክሮዬን ይፈትሹ፤ የለኝም። ቁልፎቼን ግን ይተዉልኝ።

ለአንዳንድ ሰው ደግሞ ይህ ዕቃ የምቾት ጉዳይ አይደለም። በዋርክራፍት የማውሱን ግራና ቀኝ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ገጸ ባሕርይውን ወደፊት ያስሮጣል፤ ማውሱን ማዞር አቅጣጫውን ይለውጣል። በዚህ ላይ 12 ቁልፍ ሲጨመር ጨዋታው ሁሉ በአንድ እጅ ያልቃል። አንድ እጁ ለማይታዘዝለት ተጫዋች ከሌሎች 19 ሰዎች ጋር እኩል መዝመት የሚቻለው በዚህ ነው። «በገንዘብ የተገዛ ችሎታ» የሚሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ለማወቅ እፈልጋለሁ።

ከአዲስ አበባ ሆነው ለሚጫወቱ ግን እውነቱን ልናገር፤ ማውስ ርቀትን አያሳጥርም። የዋርክራፍትም ሆነ የፋይናል ፋንታሲ 14 ሰርቨሮች አፍሪካ ውስጥ የሉም፤ እያንዳንዱ ንክኪ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። ደግነቱ እነዚህ ጨዋታዎች ትዕግሥተኞች ናቸው። በዋርክራፍት ቀጣዩ ችሎታ ገና ከመፈቀዱ 0.4 ሴኮንድ ቀደም ብሎ የተጫነው ተይዞ ይቆይና በሰዓቱ ይወጣል። በተኩስ ጨዋታ የሚያስገድል መዘግየት እዚህ ይታለፋል። ስለዚህ ገንዘብ ያለው መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያስተካክል፣ ማውሱ ይቆየው።

ዛሬ ከ12ቱ ቁልፎች ለችሎታ የምጠቀመው በስምንቱ ነው። 10ኛው፣ ከጨዋታ ውጭ፣ ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሪያ ሆኖልኛል፤ ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ከሁሉ በላይ ያገለገለኝ እርሱ ነው። 9ኛውና 11ኛው ባዶ ናቸው። 12ኛው ላይ ምንም ችሎታ የለም፤ ዘመቻው አልቆ ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል እርሱን ስጫን ገጸ ባሕርይዬ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች። ወንድሜ በዚያ ምሽት ወንበሬን ወስዶ ያችን ቁልፍ ብቻ ሲጫን አመሸ።