ይድረስ ለእሜቴ ክሽክሽ፣ ባሉበት ከቅጠሉ ጀርባ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጎመኔ በስተቀር ደህና ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ቅጠሉን ገልበጥ ባደርገው እንደ ወትሮው ሰፍረው አገኘሁዎ፤ መምጠጫዎን ሰክተው፣ ልጆችዎን ዙሪያዎን ኮልኩለው። የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ትንሽ ነፍሳት ነዎት፤ በስም የኮክ ክሽክሽ ይባላሉ፤ ጎመኔን ግን ርስት አድርገውታል። ባል ብሎ ነገር አይፈልጉም። የሚወልዷት ልጅ ደግሞ የልጅ ልጅዎን በሆዷ ይዛ ነው የምትወለደው። እኔ ገና መርጫውን አጥቤ አልጨረስኩም!

መድኃኒት እንለዋለን፤ ለእርስዎስ በእርግጥም መድኃኒት ሆኖዎታል። የመጀመሪያው ርጭት ዘመዶችዎን ጠራረጋቸው። በሁለተኛው ብዙዎቻችሁ ተረፋችሁ። በሦስተኛው መጠኑን እጥፍ ባደርገው የሞተችው እናንተን ስትበላ የምትውለው ነጠብጣባም ጥንዚዛ ነበረች።

ምስጢርዎን ደርሼበታለሁ። መርዙን ጠፍሮ የሚይዝ ኢስተሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለዎት። ይህን ኢንዛይም የሚሠራውን ጂን እያባዙ እያባዙ እስከ 80 ቅጂ ያደረሱ ዘመዶች አሉዎት አሉ፤ ከሰውነታቸው ፕሮቲን 1 ከመቶ ያህሉ ይኸው ዘበኛ ብቻ ነው። የቤት ወጪን ለዘበኛ ደመወዝ የሚጨርስ ሰው አይቻለሁ፤ እንደናንተ ግን አላየሁም።

ለዚህ ዘበኛ የሚከፍሉትን ዋጋም ሰምቻለሁ። ክሽክሽ ስትነከስ ከጀርባዋ ቀንዶች የ«ሽሹ!» ሽታ ትለቃለች። ዘበኛ ያላበዙት ተራ እህቶችዎ ያን ሲያሸቱ ነቅለው ይሮጣሉ፤ እርስዎ ቀና እንኳ ሳይሉ መምጠጥዎን ይቀጥላሉ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ብርዱ ሲጠና እነሱ ወደ ለምለሙ ሲዛወሩ እርስዎ ከነቅጠሉ ይረግፋሉ። ከእርስዎ የማትበልጥ አንዲት ተርብ ደግሞ ሆድዎ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ከቀናት በኋላ የተርቧ ልጅ በስታ ስትወጣ የሚተርፈው ያበጠ፣ ቡናማ፣ ጀርባው በክብ የተበሳ ቅርፊት ነው።

መርዝ በሌለበት ማሳ ቢሆን እንግዲህ በእነዚያ ፈሪ እህቶችዎ ይሸነፉ ነበር። ማን ይተውዎታል! ፈሪዎቹን የምገድልልዎ እኔ፣ ተርቧን የምገድልልዎ እኔ፣ ዕዳዎን የምከፍልልዎ እኔ። የመድኃኒቱን ቆርቆሮ ብቀይርም የሚለወጠው ላዩ ላይ የተለጠፈው ስም እንጂ ውስጡ ያው ነው፤ የሚመታውም ያንኑ የነርቭ ክፍል። ለነገሩ ያልተነገረን አይደለም፤ ሜላንደር የሚባል የነፍሳት ተመራማሪ ነፍሳት ርጭትን ሊቋቋሙ ይችሉ እንደሆነ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። አንዳንድ ዘመዶችዎማ መርዙ ሲጠፋ ጂኖቹን ሳይጥሉ ዝም አሰኝተው ያስቀምጧቸዋል፤ ልክ ጠመንጃውን ወልውሎ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅል ሰው።

የዳሩን ሁለት መደብ ከአሁን ወዲያ አልረጭም፤ ቅር እንዳይሰኙ። እዚያ አንዲት ዘመድዎ አብጣ፣ ቡናማ ሆና ቅጠሉ ላይ ተለጥፋለች። ጀርባዋ ገና አልተበሳም።

አክባሪዎ፣
ባለ ጎመኑ